የቀርከሃ ሽመና ግድግዳ ለዘመናዊ ቤት፦ ከቆረጣ እስከ ኖራ ልስን

በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ ዙሪያ፣ የዶርዜ ቤት ከእግሩ እስከ አናቱ በቀርከሃ ተሸምኖ ይቆማል። ግድግዳው የት አልቆ ጣራው የት እንደሚጀምር መለየት አይቻልም፤ ሁለቱም አንድ ሽመና ናቸው። ምስጥ ከታች ሲበላው የተበላው ተቆርጦ ይጣላል፤ ቤቱ በየጊዜው እያጠረ ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል። ሲያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው ተሸክመው ቦታ ያስለውጡታል። በሲዳማ ደጋም ተመሳሳይ ጥበብ አለ።

ይህ ቤት ከየት እንደሚያረጅ ልብ ብሎ ያየ ሰው ለዛሬው ግንባታ የሚሆነውን ትምህርት ያገኛል። ሽመናው ራሱ አይደክምም። ቤቱን የሚጨርሰው ከእግሩ የሚወጣው እርጥበትና ምስጥ፣ ከላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ በድሮው ቤት ውስጥ ምድጃው ዘወትር ይጨሳል፣ ጭሱም ቀርከሃውን ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ዛሬ ማድ ቤቱ ለብቻው ነው፤ ጭሱ ቀርቷል፤ ጥበቃውም አብሮ ቀርቷል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ሽመናውን እንዳለ ይዞ ሦስት ነገር ብቻ ይለውጣል፦ እግሩን፣ ጣራውንና መድኃኒቱን። ቀርከሃን በብሎኬት ግድግዳ ላይ ለጌጥ መለጠፍ ይህ መመሪያ የሚመለከተው ሥራ አይደለም። እዚህ ሽመናው ግድግዳው ራሱ ነው።

የምንሠራው ቤትና የሚያስፈልገው መጠን

ስሌቱ እንዲጨበጥ 3.6 በ4.8 ሜትር የሆነ ባለ አንድ ክፍል ቤት እንውሰድ። ዙሪያው 16.8 ሜትር ነው። እያንዳንዱ ፓነል 1.2 ሜትር ስፋትና 2.4 ሜትር ቁመት ካለው 14 ፓነል ይበቃል። አንዱ የበር፣ ሁለቱ የመስኮት ይሆናሉ። 1.2 ሜትር ያለ ምክንያት አልተመረጠም፦ አንድ ሠራተኛ ፓነሉ ፊት ቆሞ ስንጥቁን (በአግድም የሚሸመነውን ስስ የቀርከሃ ፍልጥ) ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይንቀሳቀስ መሸመን ይችላል፤ ያለቀውንም ፓነል ሁለት ሰው ያነሳዋል።

ለዚህ ቤት የሚገዛው፦

- ለሽመናው ስንጥቅ ከ30 እስከ 35 የደጋ ቀርከሃ፤ መሃሉ ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚወፍር፣ ጥቅም ላይ የሚውል 8 ሜትር ርዝመት ያለው
- ስንጥቁ ለሚሸመንበት ቋሚ ዘንግ 30 የቆላ ቀርከሃ (ሽመል)፤ ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ
- ለፍሬም 5 በ7 ሴንቲ ሜትር የተሰነጠቀ ደረቅ የባሕር ዛፍ ወይም የጥድ እንጨት፤ በአንድ ፓነል 8.5 ሜትር ያህል
- 8 ኪሎ ቦሪክ አሲድና 12 ኪሎ ቦራክስ
- 10 ሚሊ ሜትር ቡሎን ከዳዶና ከሮንዴላ ጋር፣ በእያንዳንዱ የፓነል መጋጠሚያ ሦስት
- ቀይ አፈር፣ አሸዋ፣ የጤፍ ጭድ፣ ኖራ (መጠናቸው ከምርጊቱ ጋር ተጽፏል)

ከአንድ 8 ሜትር አገዳ በንድፈ ሐሳብ ወደ 50 የሚጠጋ ስንጥቅ ይወጣል። በተግባር ግን ጫፉ ስለሚቀጥን፣ አንዳንዱም አንጓው ላይ ስለሚሰበር ደህናው 40 ያህል ነው። አንድ ፓነል 75 ስንጥቅ ይፈጃል፤ ስለዚህ ለአንድ ፓነል ሁለት አገዳ ብሎ ማሰቡ አያሳፍርም።

ሁለቱ ቀርከሃዎች አንድ አይደሉም

የደጋው ቀርከሃ ከ2,200 ሜትር ከፍታ በላይ ይበቅላል፤ በእንጅባራ ዙሪያ፣ በሲዳማና በጋሞ ደጋ፣ በሸካ ማሻ በብዛት ይገኛል። ውስጡ ባዶ፣ ግድግዳው ስስ፣ አንጓው የተራራቀ በመሆኑ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ሽመናው የሚወደው ይህንን ነው። የቆላው፣ ሽመል የሚባለው፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በመሳሰሉት ቆላማ ቦታዎች የሚገኝ ሲሆን ውስጡ ድፍን ሊባል የሚችል ነው። ለመሰንጠቅ ያስቸግራል፤ ለዘንግ ግን አቻ የለውም። ሽመል በማይገኝበት ደጋ፣ ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቀጥ ያለውን ልጦ፣ አድርቆና በመድኃኒቱ ነክሮ በዘንግነት መጠቀም ይቻላል። ውስጡ ባዶ የሆነ ቀጭን የደጋ ቀርከሃ በዘንግነት መጠቀም ግን አይመከርም፤ ስንጥቁ ሲጫነው ይጨፈለቃል።

ቆረጣ

ዕድሜው ለስንጥቅ ከ2 እስከ 3 ዓመት፣ ለዘንግ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይሁን። ዕድሜን በውፍረት መለካት አይቻልም፤ ቀርከሃ ከመሬት ሲወጣ በያዘው ውፍረት ይኖራል። የሚታየው ቆዳው ነው። የአንድ ዓመቱ ነጭ ዱቄት የለበሰ፣ ገለፈቱ ያልረገፈለት ነው። ሦስት ዓመት የሞላው ዱቄቱን ጥሎ ነጠብጣብ ሽበት ማውጣት ይጀምራል፤ በገጀራ ጀርባ ሲመታም ድምፁ ጠንካራና የጠራ ነው። ሽበቱ ሙሉ ለሙሉ ከሸፈነው አርጅቷል፤ ሲሰነጠቅ ይሰበራል። ይዞታው የራስ ከሆነ በየዓመቱ የወጣውን አዲስ አገዳ በቀለም ምልክት ማድረግ ከሁሉም ይበልጣል።

ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በክረምት ቡቃያው ይወጣል፤ ያኔ ጫካ መግባት ቡቃያውን መርገጥ ነው። ከዚህም በላይ ቀርከሃው ለቡቃያው ያከማቸው ስታርች ከክረምቱ በፊት ከፍተኛ ነው። ነቀዝ የሚመጣው ለስታርቹ ነው፤ በግንቦት የተቆረጠ ቀርከሃ በጥቂት ወራት ውስጥ ዱቄት ሲያፈስ የሚታየው ለዚህ ነው።

ቆረጣው ከመሬት በላይ ካለው የመጀመሪያው ወይም ሁለተኛው አንጓ ልክ ከላይ ይሁን። ከአንጓው ከፍ ብሎ ከተቆረጠ ጉቶው ጽዋ ይሆንና ዝናብ ያቁራል፤ ብስባሴው ወደ ሥሩ ይወርዳል። በአንድ ዓመት ከደረሱት አገዳዎች ከሲሶ በላይ አይቆረጥ፤ የአንድ ዓመቶቹ በፍጹም አይነኩ፤ የሚቀጥለውን ቡቃያ የሚመግቡት እነሱ ናቸው።

ለዘንግ የሚሆነው ከነቅጠሉ ጥላ ውስጥ ቀጥ ብሎ ተደግፎ አንድ ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ ቅጠሉ ውሃውንና የቀረውን ስታርች ይጨርስለታል። ለስንጥቅ የሚሆነው ግን በተቆረጠ በሳምንት ውስጥ ይሰንጠቅ፤ ከደረቀ በኋላ ገጀራው አይታዘዝም።

መሰንጠቅ

አገዳው በመጋዝ 1.15 ሜትር ይቆረጣል። ስንጠቃው ከቀጭኑ ጫፍ ይጀምራል፤ ሁልጊዜም እኩል ለሁለት፦ መጀመሪያ ለሁለት፣ ሁለቱን ለአራት፣ አራቱን ለስምንት። ለሦስት መሰንጠቅ ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን የመሰንጠቂያው መስመር ወደ አንድ ወገን ይሸሽና ግማሹ ብክነት ይሆናል። ለሁለት ሲሰነጠቅም መስመሩ ወደ ቀጭኑ ወገን ከሸሸ ወፍራሙን ወገን ይበልጥ ወደ ውጭ ማጠፍ ነው፤ መስመሩ ወደ መሃል ይመለሳል።

ከዚያ የውስጡ የአንጓ ክፋይ ይወገዳል፤ ለስላሳው የውስጥ ክፍልም በቢላ ተፍቆ ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር እንዲቀር ይደረጋል። ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር። ይህ ውፍረት የሥራው ቁልፍ ነው። ዘንጎቹ በ18 ሴንቲ ሜትር ሲራራቁ 4 ሚሊ ሜትር ስንጥቅ ሳይሰነጠቅ ይጠመዘዛል፤ ከ5 ሚሊ ሜትር ከበለጠ የውጭው ቆዳ ዘንጉ ላይ ሲደርስ ይፈነዳል። ለስላሳውን ክፍል ማስወገዱ ሁለተኛ ጥቅምም አለው፤ ስታርቹ በብዛት ያለው እዚያ ነው። የስንጥቁ ጠርዝ ምላጭ ስለሚሆን የቢላው ጀርባ በሁለቱም ጎን አንድ ጊዜ ይሂድበት፤ ጓንትም ይደረግ።

መድኃኒቱ

ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በጨውነት ቀርከሃው ውስጥ ይገባሉ፤ ነቀዝም ምስጥም የቀመሰው ይሞታል። መመጣጠኑ 1 እጅ ቦሪክ አሲድ ለ1.5 እጅ ቦራክስ ነው። ለ400 ሊትር ውሃ 8 ኪሎ እና 12 ኪሎ፤ ይህም 5 በመቶ ይሆናል። ጨዎቹ በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ አይሟሙም፤ በ40 ሊትር ሙቅ ውሃ ሁለቱም አብረው ከተማሱ በኋላ ወደ ቀሪው ይጨመራሉ። ገንዳው 1.5 በ0.8 ሜትር ተቆፍሮ፣ ጥልቀቱ 50 ሴንቲ ሜትር ሆኖ፣ ወፍራም ፕላስቲክ ሁለት ድርብ የተነጠፈበት ጉድጓድ ቢሆን ይበቃል።

ስንጥቁ በልቅ እስር እየታሰረ ይነከራል፤ እስሩ ከጠበቀ መሃሉ አይጠጣም። ላዩ ላይ ድንጋይ ይጫን። ስንጥቁ ለ3 እስከ 5 ቀን፣ ዘንጉ ለ10 ቀን ያህል ይቆያል። የፍሬሙ እንጨትም ተቆርጦ፣ ተቦይቶና ተበስቶ ካለቀ በኋላ አጫጭሩ በዚሁ ገንዳ ይነከር፤ ገንዳው የማይበቃው ረጅሙ ቋሚ በብሩሽ ሦስት ጊዜ ይቀባ። መድኃኒቱ ሲጎድል ውሃ ብቻ አይጨመር፤ በዚያው ልክ የተበጠበጠ ይጨመር። የወጣው ስንጥቅ ወዲያው ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ለአንድ ሳምንት በፕላስቲክ ተሸፍኖ እርጥብ እንዳለ ይቆይ። ጨው ወደ ውስጥ የሚጓዘው በእርጥበት ውስጥ ነው፤ ቶሎ ከደረቀ ቆዳው ላይ ይቀራል።

ጥንቃቄው፦ ቦሪክ አሲድ ለነፍሰ ጡር ሴትና ለሕፃናት አደገኛ ነው፤ ገንዳው ይታጠር፤ ከብት እንዳይጠጣው ይከደን። የተረፈው ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጓሮ አይደፋ፤ በሁለቱም ጨዎች ውስጥ ያለው ቦሮን ሲበዛ ተክልን ያደርቃል። የጣራውን እንጨት መቀባት መልካም መጨረሻ ነው።

ጨዎቹ ካልተገኙ ስንጥቁን በወራጅ ውሃ ለሁለት ሳምንት፣ ዘንጉን ለአንድ ወር መንከር ስታርቹን ይቀንሳል። ነቀዙን ያዳክማል፤ ምስጥን ግን አይመልስም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት በየቦታው የሚታይ ልማድ ነው፤ እዚህ አያስፈልግም። ወደ ውስጥ አይዘልቅም፣ ምርጊት አይዝበትም፣ ቤት ውስጥ ይሸታል፣ እሳትም ይወዳል።

ቦሮን ደካማ ጎን አለው፦ ውሃ ያጥበዋል። ዝናብ የሚመታው ቦታ ላይ በጥቂት ክረምት ተጠርጎ ይወጣል። ስለዚህ መድኃኒቱ ያለ ጣራ ክፈፍና ያለ ልስን ብቻውን ምንም አያድንም።

ፍሬሙ

እያንዳንዱ ፍሬም ሁለት የጎን ቋሚ፣ የላይ፣ የመሃልና የታች አግዳሚ አለው። 5 ሴንቲ ሜትሩ ወደ ፊት ይታያል፣ 7ቱ የግድግዳው ውፍረት ይሆናል። የውስጡ ስፋት 110፣ ከላይና ከታች ያሉት ሁለት ክፍት ቦታዎች ቁመት እያንዳንዳቸው 112.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ።

ከመጋጠሙ በፊት፦

1. በላይና በመሃል አግዳሚ የታችኛ ፊት ላይ፣ ከውስጥ ጠርዝ በየ18.3 ሴንቲ ሜትሩ 5 ቀዳዳ ይበሳል፤ ጥልቀቱ 3፣ ስፋቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር።
2. በመሃልና በታች አግዳሚ የላይኛ ፊት ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ከዳር እስከ ዳር ይወጣል።
3. ተመሳሳይ ቦይ በጎን ቋሚዎቹ የውስጥ ፊት ላይ።
4. ፍሬሙ ይገጠማል፤ ማዕዘኑ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ሁለቱ ሰያፍ ልኬቶች ሲተካከሉ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ልዩነት ችግር የለውም፤ 1 ሴንቲ ሜትር ግን ሲቆም ከጎረቤቱ አይገጥምም።

ዘንጉ 115 ሴንቲ ሜትር ይቆረጣል። ጫፉ ወደ ላይኛው ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ይገፋል፣ እግሩ ወደ ቦዩ ይመለሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። 1 ሴንቲ ሜትር ከታች፣ 1.5 ከላይ ተይዞ ይቀራል። ምስማር አያስፈልገውም፤ ደግሞም ቀርከሃ ሳይበሱ ምስማር መምታት መሰንጠቅ ነው። በመስኮት ፓነል የመሃሉ አግዳሚ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ሽመናው ከሱ በታች ብቻ ይሆናል።

ሽመናው

ዘንጉ ደረቅ፣ ስንጥቁ እርጥብ ይሁን። ይህ ሕግ ሲገለበጥ የሚመጣው ጥፋት ከሳምንታት በኋላ ይታያል፦ እርጥብ ዘንግ ሲደርቅ ይቀጥናል፣ ሽመናው ይላላል፣ ግድግዳው ሲነካ ይንቋቋል። ዘንጉ መድረቁን ለማወቅ አንዱን በየቀኑ መመዘን ነው፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል።

የመጀመሪያው ስንጥቅ ከታች ይጀምራል፦ አንዱ ጫፍ ወደ ጎን ቦዩ ይገባል፣ ከ1ኛው ዘንግ ፊት፣ ከ2ኛው ኋላ፣ ከ3ኛው ፊት እያለ ይሄዳል፤ ሌላው ጫፍ በልኩ ተቆርጦ፣ ስንጥቁ ትንሽ ጎብጦ ወደ ማዶው ቦይ ይገባል። ቀጣዩ ስንጥቅ በተቃራኒው ይሄዳል። ቆዳው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን፣ ወደ ቤቱ ውጭ፣ ይዙር። በየረድፉ መካከል 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይቀመጣል፤ በዚያ ልክ የተቆረጠ እንጨት መለኪያ ይሁን። ምርጊቱ ከሁለቱም ወገን ገብቶ የሚጨባበጠው በዚህ ክፍተት ነው። ሽመናው ጥቅጥቅ ሲል ዓይን ይማርካል፣ ነገር ግን ምርጊቱ የሚይዘው አጥቶ በሰሌዳ በሰሌዳ ይወድቃል። ይህ ስህተት በተለይ ቅርጫትና ምንጣፍ መሥራት የለመዱ እጆች ላይ ይበዛል፤ ጥበባቸው ክፍተት አለመተው ነውና። ስለዚህ ለእነሱ ምክንያቱን አስቀድሞ ማስረዳት፣ በአንድ ትንሽ ናሙና ላይም ምርጊት አስመርጎ ማሳየት ይገባል።

በየአምስተኛው ረድፍ ስንጥቁ ከመሃሉ ዘንግ ጋር በቃጫ ወይም በቀጭን ሽቦ ይታሰር። ሁለት ሰው በቀን የሚጨርሰው በልምዱ ይወሰናል፤ የመጀመሪያው ፓነል ሁልጊዜ ይዘገያል። ያለቁት ፓነሎች ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያልፍበት፣ ቆመው ሁለት ሦስት ሳምንት ይደርቃሉ። ከዚያ የላሉ ረድፎች በእንጨት መዶሻ ይስተካከላሉ፤ ከላይ ቦታ ከተገኘ አንድ ሁለት ስንጥቅ ይጨመራል።

ምርጊት የማይነካው ሽመና ሌላ ልክ አለው። ለበረንዳ መከለያና ለኮርኒስ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስንጥቅ፣ ሁለት በላይ ሁለት በታች እየተባለ ሲሄድና በየረድፉ በአንድ ሲፈናቀል ሰያፍ ጥለት ይሰጣል፤ እዚህ ክፍተት አያስፈልግም። የኤሌክትሪክ ሽቦ በኮርኒሱ ላይ ሲያልፍ በቱቦ ውስጥ ይሁን።

እግሩ

ፓነሎቹ እየደረቁ መሠረቱ ይሠራል። መረሬ አፈር ላይ ከሆነ፣ ክረምት ያብጣል በጋ ይሰነጠቃልና፣ መሠረቱ ከመረሬው በታች መውረድ ወይም መረሬው ተቆፍሮ ወጥቶ በተመረጠ አፈር ተጠቅጥቆ መተካት አለበት። በደህና አፈር ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 50 ጥልቀት ያለው የድንጋይ ግንብ ይበቃል፤ ከመሬት በላይም 45 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ይህ ከፍታ ከጣራ ወርዶ የሚፈናጠረው ውሃ የሚደርስበት ልክ ነው።

በግንቡ አናት 10 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ይፈሳል፤ በእያንዳንዱ ፓነል መሃል ላይ 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ግንቡ ገብቶ ይቀበራል። በኮንክሪቱ ላይ ጋልቫናይዝድ ላሜራ ይነጠፋል፤ በሁለቱም ጎን 5 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ ወደ ታች ይታጠፋል። መጋጠሚያዎቹና ቡሎኑ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች በሬንጅ ይደፈናሉ። ላሜራው እርጥበቱን ያግዳል። ምስጡን ግን የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ የአፈር ዋሻውን ወደ ውጭ ዞሮ እንዲሠራ ያስገድደዋል፤ ዋሻው ደጅ ላይ ሲታይ መጥረግ ይቻላል። ላሜራውን በልስን ወይም በአፈር መሸፈን ጥቅሙን ሁሉ ያጠፋል።

ማቆም

ፓነሎቹ ከማዕዘን ተጀምሮ ይቆማሉ፤ በቱንቢ ይስተካከላሉ፣ እርስ በርስ በሦስት ቡሎን ይያዛሉ። ሁሉም ሲቆሙ በአናታቸው ላይ 5 በ10 ሴንቲ ሜትር እንጨት ዙሪያውን ይታሰራል። መጋጠሚያው በፓነል መጋጠሚያ ላይ አይዋል። በአራቱም ማዕዘን ግራና ቀኝ ያሉት ፓነሎች ላይ ጋልቫናይዝድ ጥብጣብ በሰያፍ ተወጥሮ ፍሬሙ ላይ ይመታል። ሽመናው ራሱ ግፊትን ይቋቋማል፤ ነገር ግን ስምጥ ሸለቆ ዳር ለምንኖር፣ ለሐዋሳም ለአርባ ምንጭም፣ የመሬት መንቀጥቀጥ የሩቅ ወሬ አይደለም።

በኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 1999 አርሜኒያ ከተማንና አካባቢውን በመታው የመሬት መንቀጥቀጥ በቀርከሃና በምርጊት የተሠሩ፣ በደንብ የተያዙ ቤቶች ካልተጠናከሩ የግንብ ቤቶች በተሻለ ቆመው ተገኝተዋል። የአገሪቱ የሕንፃ ደንብም እንዲህ ላለው ግድግዳ የራሱ ምዕራፍ አለው። ዓለም አቀፉ የቀርከሃ ሕንፃ ደረጃ፣ አይኤስኦ 22156፣ እ.ኤ.አ. በ2021 እትሙ ከፍታቸው ከ7 ሜትር ላልበለጡ፣ ምድሩ እንደ አንድ ተቆጥሮ፣ ባለ አንድና ባለ ሁለት ፎቅ ቤቶች ያገለግላል። ከአንድ ፎቅ በላይ ወይም ሕዝብ ለሚሰበሰብበት ቤት መሐንዲስ ያስፈልጋል፤ ይህ መመሪያ አይበቃም።

ጣራው ከምርጊቱ ይቅደም

ጣራው ሳይከደን ምርጊት አይጀመር። ክፈፉ ከግድግዳው ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ይውጣ፤ አሸንዳ ካለ ይሻላል፣ አሸንዳው ግን ክፈፉን አይተካም። ወጋግራዎቹ ነፋስ እንዳያነሳቸው ከአናቱ እንጨት ጋር በላሜራ ጥብጣብ ይያዙ።

ምርጊት

አፈሩ ቀይ፣ ከላዩ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ተገፎ የተቆፈረ ይሁን፤ የላዩ ሥርና ብስባሽ አለበት። መረሬ አይሆንም። ለመፈተን፦ እርጥብ አፈር በ3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ተድቦልቡሎ ከጠረጴዛ ጠርዝ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ይገፋል። ከ5 ሴንቲ ሜትር በፊት ከተቆረጠ አሸዋ በዝቶበታል፤ ከ15 ካለፈ ሸክላ በዝቶበታል፣ ይሰነጠቃል።

ለቤቱ ወደ 2 ሜትር ኩብ የመጀመሪያ ምርጊትና 0.7 ሜትር ኩብ ሁለተኛ ምርጊት ያስፈልጋል። ለመጀመሪያው 1 እጅ አፈር፣ 1 እጅ አሸዋ፣ ግማሽ እጅ የጤፍ ጭድ በውሃ ተረግጦ፣ ተሸፍኖ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይቦካል፤ በየሁለት ቀኑ ይገለበጣል። ሲቦካ ጭዱ ይለሰልሳል፣ ጭቃው ይጣበቃል፤ ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል። ያልቦካ ጭቃ ይመረጋል፣ ነገር ግን ሲደርቅ ይረግፋል።

ሽመናው ላይ ውሃ ይረጭ። ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ቆመው፣ በአንድ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ፣ በመዳፍ እየገፉ ይመርጋሉ፤ ጭቃው በክፍተቱ ውስጥ ይገናኛል። አንዱን ወገን ጨርሶ ማግስቱን ሌላውን መምረግ ሁለት ያልተያያዙ ሰሌዳዎች መሥራት ነው። ላዩ ሳይለሰልስ በጣት ይጫር። በሚደርቅበት ሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ስንጥቅጥቅ ይወጣዋል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ሁለተኛው ይሞላዋል።

ለሁለተኛው ትክክለኛውን መመጣጠን ግድግዳው ይናገራል፦ 1 እጅ አፈር ለ1፣ ለ2 እና ለ3 እጅ የተነፋ አሸዋ፣ ከደቀቀ ጭድ ጋር፣ በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር ይለጠፉ። በአምስተኛው ቀን ያልተሰነጠቀውና በእጅ ሲታሸት ዱቄት የማይሰጠው ይመረጣል። ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር። በፍሬሙ እንጨት ላይ ሁሉ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የሽቦ መረብ ወይም የጆንያ ቁራጭ ከሥሩ ይግባ። ያለዚያ ፓነሎቹ የተጋጠሙበት መስመር አንድ በአንድ ልስኑ ላይ ይቆጠራል።

ኖራ

ጥሬ ኖራ በውሃ ሲገባ ይፈላል፤ ስለዚህ ኖራው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው በኖራው ላይ አይደፋም። ዓይን መሸፈን ግዴታ ነው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ውሃ ለብሶ ከቆየ በኋላ 1 እጅ ለ3 እጅ ደቃቅ አሸዋ ተደርጎ፣ በረጠበ ግድግዳ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ይለሰናል። ለሳምንት ያህል በእርጥብ ጆንያ ይጋረድ፤ ኖራ የሚጠነክረው ቀስ ብሎ ከአየሩ ጋር ነው፣ የየካቲት ፀሐይ ካገኘው ዱቄት ይሆናል። ውስጡን በኖራ መለሰን አያስፈልግም፤ የጭቃው ልስን ራሱ ያምራል። በአዲስ አበባ ዞማ ሙዚየም የጭቃና የጭድ ግድግዳ እስከ ምን ድረስ ሊቀረጽ እንደሚችል ሄዶ ማየት ይቻላል።

በጭቃው ላይ የሲሚንቶ ልስን አይደረግ። ሲሚንቶው ይጠነክራል፣ ጭቃው ይተነፍሳል፤ እርጥበት በመካከላቸው ይታሰራል። ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ልስኑ በትልልቅ ቁራጭ ሲገነጠል ከሥሩ ያለው ስንጥቅ በስብሶ ይገኛል።

ክትትል

በየክረምቱ ማግስት ዙሪያውን መዞር ነው። በላሜራው ላይ የምስጥ ዋሻ ከታየ ይጠረጋል፤ የመጣበትም ጎጆ ይፈለጋል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ባልተመረገው ሽመና ሥር ደቃቅ ዱቄት ከፈሰሰ ነቀዝ አለ፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያው መድኃኒት በመርፌ ይገባል፣ ላዩም ይቀባል። ዝናብ የሚመታው ወገን በየሁለት ዓመቱ ቀጭን የኖራ ቀለም ይቀባ።

አንድ ፓነል ቢጎዳ ቤቱ አይነካም፦ በመጋጠሚያው መስመር ልስኑ ይፈነቀላል፣ ሦስት ሦስቱ ቡሎንና የእግሩ ዳዶ ይፈታሉ፣ አዲሱ ይገባል። ጭቃው ተሰባብሮ በውሃ ተነክሮ ለአዲሱ ምርጊት ያገለግላል። አሮጌው ስንጥቅ ግን ጨው ስላለበት ለምጣድ ማገዶ አይሁን፤ ከውሃና ከከብት ርቆ ይቀበር።